«የለኝም» ማለት ስንት ያስወጣል?



«የለኝም» በአፍ ቀላል ቃል ናት። ባለዕዳ በአበዳሪው ፊት ቆሞ ሲናገራት ግን ከድንጋይ ትከብዳለች። በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሳለን። በከላላ፣ በወግዲ ወይም በመካነ ሰላም ዙሪያ የሚኖር የቤተሰብ አባወራ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት «ከሰርኩ፣ መክፈል አልቻልኩም» ብሎ በይፋ ለመናገር ምን ያህል ይከፍላል? ለማንስ ይከፍላል? ከከፈለ በኋላስ ምን ያገኛል?

ጥያቄው የነጋዴ ብቻ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። እስቲ ዙሪያችንን እንመልከት። ለማዳበሪያ የተበደረ ገበሬ አለ። ለጎረቤቱ ዋስ ሆኖ የፈረመና ዕዳ ከሜዳ የመጣበት አለ። ልጁን ወደ ዐረብ አገር ለመላክ ለደላላ የሚሆን ገንዘብ ከሦስት ሰው የሰበሰበ አለ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ደቡብ ወሎ ብዙ ልጆቿን ተቀብላለች። ከተመላሾቹ መካከል ሻንጣ እንኳ ሳይዙ የመጡ ነበሩ። ለጉዞው የተወሰደው ብድር ግን አልተመለሰም፤ በመንደር ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

በሌላው ዓለም ዋጋው ተለጥፏል

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ነገር በሚገባ ያውቁታል። እዚያ ግለሰብ ሁሉ፣ ነጋዴ ሆነ ሠራተኛ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ መክሰሩን ማሳወቅ ይችላል። ንብረትን አስረክቦ ከዕዳ ነፃ ለመውጣት በሕጉ ምዕራፍ 7 የሚቀርበው ማመልከቻ የፍርድ ቤት ክፍያ 338 ዶላር ነው። በዓመታት ከፋፍሎ ለመክፈል በምዕራፍ 13 የሚቀርበው ደግሞ 313 ዶላር ነው። የጠበቃው ዋጋ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእንግሊዝ መክሰርን ለማሳወቅ 680 ፓውንድ ሲጠየቅ ቆይቷል። ዕዳቸው አነስተኛ፣ ንብረታቸውም ኢምንት ለሆነ ሰዎች በተዘጋጀው ቀለል ያለ መንገድ ላይ የነበረው የ90 ፓውንድ ክፍያ ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ተሰርዟል።

ነገሩ ያስቃልም ያሳዝናልም። ገንዘብ የሌለው ሰው ገንዘብ የለኝም ለማለት ገንዘብ አምጣ ይባላል! ይህን የታዘቡት አገሮችም ክፍያውን ለደሀ ማንሳት ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ መቀበል ጀምረዋል። ወጪው በዚህም አያበቃም። በአሜሪካ በምዕራፍ 7 መክሰሩን ያሳወቀ ሰው ስሙ በብድር መዝገብ ላይ እስከ 10 ዓመት ተጽፎ ይቆያል፤ ቤት ለመከራየትም ሆነ መኪና ለመግዛት መዝገቡ እየቀደመው ይገባል።

ይሁን እንጂ ልብ እንበል። ዋጋው ውድ ቢሆንም በር አለ። ሰውየው በበሩ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። የእኛስ በር የት ነው?

በሕጋችን ውስጥ የጠፋው ሰው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኪሳራ ሰፊ ክፍል ነበረው። ግን ከመግቢያው ጀምሮ የተናገረው ስለ ነጋዴና ስለ ንግድ ማኅበር ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ያንን ክፍል ተክቶ ዕዳ ያስጨነቀው ድርጅት ሳይፈርስ የሚያገግምበትን፣ ትንንሾቹም በቀለለ ሥርዓት የሚስተናገዱበትን መንገድ አምጥቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አሁንም በሩ የተከፈተው በንግድ ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው። ገበሬው፣ መምህሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከስደት ባዶ እጇን የተመለሰችው ልጅ «ከስሬአለሁ» ብለው የሚያመለክቱበት ሥርዓት የለም። የእነርሱ የማመልከቻ ዋጋ ስንት ነው ብንል መልሱ «ማመልከቻው ራሱ የለም» የሚል ነው።

ነጋዴውም ቢሆን የሚቀለው እንዳይመስለን። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የኪሳራን ጉዳይ የሰጠው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የሂሳብ መዝገብ ይጠየቃል፤ የባለገንዘቦች ዝርዝር ይጠየቃል፤ ጠበቃ ያስፈልጋል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስኳርና ሳሙና፣ ጨርቅና ባትሪ የሚሸጥ የገጠር ባለሱቅ መዝገቡ በልቡና በአንዲት ደብተር ላይ ነው። የመኪናውን፣ የአልጋውንና የጠበቃውን ወጪ ሲደምር ከቀረው ዕቃ ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል።

ታዲያ ነጋዴ ላልሆነው ምን ቀረለት? አበዳሪው ይከሰዋል፤ ይፈረድበታል፤ ንብረቱ ይሸጣል። ሕጉ ልብስን፣ የማብሰያ ዕቃንና ለእንጀራ ማግኛ የሚሆን የሥራ መሣሪያን ከመያዝ ያድናል። ይህ ርኅራኄ ነው፤ አልካድነውም። ያልተከፈለው ቀሪ ግን ይከተለዋል። «ያለውን ሁሉ በሐቅ አስረክቧል፣ ከእንግዲህ ይተውና ሥራውን ይጀምር» የሚል ማጠቃለያ የለም። በአማራ ክልል ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 የመሬትን የመጠቀም መብት ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። ለሚሠራ ገበሬ ካፒታል ማግኛ ነው። ዝናብ ለካደው ገበሬ ግን ማሳው ለዓመታት በሌላ ሰው ሞፈር ሲታረስ ማየት ማለት ነው።

የእኛ አገር ዋጋ የሚከፈለው በምንድን ነው?

የተለጠፈ ዋጋ ስለሌለ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በእኛ ዘንድ ኪሳራ የሚከፈለው በመጥፋት ነው። «እገሌ የት ሄደ?» «ጠፋ!» ይህች ቃል ስንት ቤት ዘግታለች! ባል ሌሊት ይወጣል፤ ሚስት ጠዋት አበዳሪ በር ላይ ታገኛለች። በሬው ከወቅቱ ውጭ በርካሽ ይሸጣል፤ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ «ዕዳችንን ትክፈልልን» ተብላ ለደላላ ትሰጣለች፤ ለዚያም ጉዞ አዲስ ብድር ይወሰዳል። ዕዳ በዕዳ ይታጠባል።

አባቶቻችን በቀድሞ ዘመን ባለዕዳን ከባለገንዘቡ ጋር በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ያስተሳስሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባል ነበር። ሥርዓቱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን በአፋችን አለ። ዛሬ ሰንሰለቱ ሐፍረት ነው። ባለዕዳው በገበያ ቀን መንገድ ይቀይራል፤ በጁሙዓ ከኋለኛው ሰፍ ቆሞ ከሰላምታው በፊት ጫማውን ያነሳል። ከመስጊድ እስከመሸሽ ያደረሰው ዕዳ ምን ያህል ዋጋ አስከፈለው እንበል?

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማዳበሪያ በዱቤ ሲታደል ሰብል ባልሰጠበት ዓመት በሬያቸውን የሸጡ፣ ከዚያም አልፎ የታሰሩ ገበሬዎች እንደነበሩ በዘመኑ የተጻፉ ጥናቶች መዝግበዋል። ኢትዮጵያ ግን በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ11ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። «ባለመቻሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልን፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ሸሪዓችን ምን አለ?

ውድ አንባቢያን፣ የሚያስቆጨው ይህ ነው። በሩ በዲናችን ውስጥ ከ1400 ዓመታት በፊት ተከፍቷል። ቁልፉን ይዘን ደጅ የቆምነው እኛው ነን።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 280ኛ አንቀጽ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪቃናለት ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው አዟል፤ ለርሱ መመጽወትና መተው ደግሞ እንደሚበልጥ አስተምሯል። ይህ አንቀጽ ወለድን ከሚከለክሉት አንቀጾች ቀጥሎ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሙስሊም ሰሒሕ ውስጥ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ፍራፍሬ ገዝቶ የከሰረ፣ ዕዳም የበዛበት አንድ ሰው በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ነበር። ነቢዩ ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። ሰጡት፤ አልበቃም። በዚህ ጊዜ ባለገንዘቦቹን የተገኘውን እንዲወስዱ፣ ከዚያ በላይ እንደማያገኙ ነገሯቸው።

የዚህን ሥርዓት ቅደም ተከተል እናስተውል። በመጀመሪያ ጉዳዩ በአደባባይ ታወቀ። ሁለተኛ፣ ማኅበረሰቡ ከኪሱ አዋጣ። ሦስተኛ፣ ያለው ተሰብስቦ ለባለገንዘቦች ተሰጠ። አራተኛ፣ ማሳደዱ ቆመ። ማመልከቻ ክፍያ የለም፤ ጠበቃ የለም፤ ስድብ የለም። የቀረውን ዕዳ በተመለከተ ብዙ ዑለሞች ሰውየው ሲያገኝ እንደሚከፍል፣ እስከዚያው ግን እንደማይጨነቅ ተናግረዋል። ነጥቡ ይህ ነው፤ ሐቁ ጠፍቶ አይቀርም፣ ሰውየውም አይጠፋም።

ሌላም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሙዓዝ ኢብን ጀበልን (ረ.ዐ.) ንብረት ለዕዳው እንደሸጡ ተዘግቧል፤ በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ቢወያዩም ፉቀሃዎች ይጠቅሱታል። ወደ የመን መምህርና ዳኛ ሆኖ የተላከውም ይኸው ሙዓዝ ነው። ዕዳ የሰውን ክብር የሚገፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ አማና ለርሱ ይሰጥ ነበር? በወሎ መድረሳዎቻችን በሚቀሩት መዝሀቦችም ጉዳዩ ሰፊ ቦታ አለው። ኢማም አቡ ሐኒፋ ባለዕዳን በንብረቱ ላይ እንዳያዝ ማገድን አልወደዱትም፤ ለሰውየው ነፃነት አዝነው ነው። ሁለቱ ደቀ መዛሙርቶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ እንዲሁም ኢማም ሻፊዒይ ለባለገንዘቦች ሐቅ ሲባል ዳኛው እንዲያግደው ፈቅደዋል። ክርክሩ ራሱ ያስተምራል፤ በሁለት ወገን ሐቅ መካከል ሚዛን ፍለጋ ነው። የ«ኢፍላስ»ን ባብ ያልቀራ የፊቅህ ተማሪ የለም። ባቡን ቀርተው ለመንደራቸው የሠሩበት ግን ስንት ናቸው?

ሂሳችን በማን ላይ ነው?

በመጀመሪያ በእኛው በጀማዓው ላይ ነው። በሱረቱ-ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለዕዳዎች ናቸው። እኛ ግን በረመዷን መጨረሻ ሳንቲም መንዝረን በመስጊድ በር ላይ በትነን «ዘካዬን አወጣሁ» እንላለን። ዘካን በየኪሱ ከበተንነው ማንንም ከዕዳ አያወጣም፤ ብንሰበስበው በዓመት ሁለትና ሦስት ቤት ያድናል። ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ የባለዕዳዎችን ዕዳ ከሕዝብ ገንዘብ እንዲከፍሉ ለሹማምንቶቻቸው ጽፈዋል። «ቤት፣ አገልጋይ፣ ፈረስና የቤት ዕቃ ያለው ሰው እናገኛለን» የሚል መልስ ሲመጣላቸው እነዚህ ለሰው የሚያስፈልጉ መሆናቸውን አስረድተው ይከፈልለት ማለታቸው ተዘግቧል። እኛ ዘንድ ግን ባለዕዳ እርዳታ የሚገባው ሰሌን ላይ ሲተኛ ብቻ ነው።

ቅሬያችንንም እንመልከት። በወሎ ሰው ሲሞት ቅሬ ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ይቆፍራል፣ ለቀንተኛ ቡና ያፈላል። ለሞተው ይህን ያህል የተደራጀ ማኅበር በሕይወት እያለ በዕዳ ለሚሞተው ጎረቤት አንድ ስብሰባ ማድረግ ለምን አቃተው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እስኪረከብ ድረስ ራሳቸው ሳይሰግዱበት እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። በእኛ ቀብር ላይ «ዕዳ ያለበት ካለ ይናገር» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ለምን እስከ ቀብር እንጠብቃለን?

ሁለተኛው ሂስ በአበዳሪዎች ላይ ነው። ባለዕዳው በከሰረበት ዓመት «ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፣ ግን ጨምርበት» ማለት አንቀጹ የከለከለው ሪባ ራሱ ነው። በሕግም ቢሆን አራጣ በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 712 ያስቀጣል። ማሩንና ጤፉን በአጨዳ ዋዜማ በግማሽ ዋጋ እየገዙ «ንግድ ነው» የሚሉም ራሳቸውን ይመርምሩ። ይህን ስንል አበዳሪ ሁሉ ሀብታም ነው ማለታችን አይደለም። ልጇ ከዐረብ አገር የላከላትን ገንዘብ ያበደረች ባልቴት ከባለዕዳው የባሰ ልትቸገር ትችላለች። ስለዚህ ነው ነገሩ በአንድ ሰው ቸርነት ላይ ሳይሆን በጀማዓ ሥርዓት ላይ መቆም ያለበት።

ሦስተኛው ሂስ በባለዕዳው ላይ ነው። ከላይ «ባለመቻሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልን ብለናል። የሚችል ሰው መክፈልን ማዘግየቱ በደል እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል፤ የአገሩ ሕግም አቅም እያለው እምቢ ያለንና የተቸገረን አንድ አያደርግም። በሬውን ወንድሙ ዘንድ አስቀምጦ «የለኝም» የሚል፣ በብድር ሠርግ ደግሶ ሦስት በሬ ጥሎ በማግሥቱ «አላህ ያውቃል» የሚል ሰው የከሰረ ሳይሆን ያከሰረ ነው። የሐሰት ከሳሪ የእውነተኛውን በር ይዘጋል። አበዳሪዎች ሁሉንም የሚጠራጠሩት በርሱ ምክንያት ነው።

«እንዲህ ከሆነ ማን ያበድራል?»

ይህን የሚጠይቁ ወንድሞች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ ዛሬ ቀርድ ሐሰን ከመንደራችን እየጠፋ ያለው ባለዕዳ ስለታዘነለት ነው ወይስ ባለዕዳ ስለጠፋ? ሰው በሌሊት ከሸሸ አበዳሪው ምንም አያገኝም። ቀድሞ የደረሰው አንዱ አበዳሪ በሬውን ይነዳል፤ አራቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በሥርዓት ቢሆን ግን ሁሉም እንደየድርሻቸው ያገኛሉ፤ ባለዕዳውም በአገሩ ቆይቶ ሠርቶ ቀሪውን ሊከፍል ይችላል። አበዳሪን የሚጠብቀው ይህ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይህን ይሥራ እንዳንል የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992 ሥልጣኑን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ላይ ወስኖታል፤ የብድር ክርክር በውስጡ የለም። ነገር ግን ሰዎች በፈቃዳቸው ተስማምተው ዕዳቸውን በሽማግሌ ፊት እንዲጨርሱ የአገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አይከለክልም፤ ይፈቅዳል እንጂ። ወሎ ደግሞ ለሽምግልና እንግዳ አይደለችም። ደም የፈሰሰበትን ጠብ በአበጋር የምታስታርቅ አገር የብር ጠብ እንዴት ያቅታታል?

እንግዲያውስ የሚከተለውን እናሳስባለን።

በየመስጊዱ ጀማዓ ከሸኹ፣ ከቅሬው ዳኛና ሂሳብ ከሚችል አንድ ወጣት የተውጣጣ ትንሽ ጉባኤ ይኑር። ባለዕዳው ሳይሸሽ ቀድሞ ይምጣ፤ ያለበትንና ያለውን አንድም ሳይደብቅ፣ ሚስቱም ባለችበት ይናገር፤ ዕዳው ቤቷን ይነካልና። ባለገንዘቦቹ በአንድ ቀን ይጠሩ። ከማረሻና ከዘር፣ ከመኖሪያና ከልጆች ቀለብ የተረፈው ተሸጦ በድርሻ ይከፈል። ለቀሪው ቀን ተቆርጦ በወረቀት ይጻፍ፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። የአል-በቀራህ 282ኛ አንቀጽ፣ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን እንዴት ረሳነው? የጎደለውን ከዘካው የባለዕዳዎች ድርሻ እንሙላ። የሚችል አበዳሪም ይተው። ከዕብ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ባለዕዳውን በመስጊድ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጠይቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግማሹን እንዲተው በእጃቸው ምልክት አሳዩት፤ ተወ። ለባለዕዳው ደግሞ «ተነሣና ክፈል» የሚል ትእዛዝ ሆነ። ግማሽ ምሕረት፣ ግማሽ ክፍያ፤ አንድ ጉዳይ በአንድ ቀን አለቀ።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ወጪ የአንድ ከሰዓት ጊዜ፣ አንድ ደብተርና አንድ ጀበና ቡና ነው። የአሜሪካው 338 ዶላርና የእንግሊዙ 680 ፓውንድ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንድን ነው?

የጉባኤው ወረቀት ግን የባንክንና የብድር ተቋምን ዕዳ አይሰርዝም፤ ይህን ማወቅ ይገባል። በዚያ በኩል ሕጉ ለነጋዴ የከፈተውን በር ለገበሬውና ለሠራተኛውም በዝቅተኛ ወጪ እንዲከፍት መጠየቅ የዜግነት መብታችን ነው። ምሁሮቻችንና ጠበቆቻችን ይህን ጉዳይ ያንሱልን። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን በር ዘግተን የሌላውን በር አናንኳኳ።

በመጨረሻም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓባዎቻቸውን የከሰረ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀዋቸው ነበር። ገንዘብና ዕቃ የሌለው ነው ብለው መለሱ። እርሳቸው ግን ከሳሪው ሰላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ የቂያማ ቀን የሚመጣ፣ ነገር ግን ይህን ሰድቦ፣ የዚያን ገንዘብ በልቶ፣ ሌላውን መትቶ በመገኘቱ ምንዳው ለእነርሱ ተከፋፍሎ የሚያልቅበት መሆኑን ነገሯቸው። በዚያ ቀን የምንከስረው ባለዕዳዎቹ ብቻ አይደለንም። ችሎ ያልከፈለም፣ የተቸገረን ያስጨነቀም፣ ጎረቤቱ በሌሊት ሲሸሽ በራሱን ዘግቶ የተኛም አለበት። ዛሬ ማታ ከመንደራችሁ በዕዳ ምክንያት ከመስጊድ የቀረ ማን እንደሆነ ቤተሰባችሁን ጠይቁ። ስሙን ታውቁታላችሁ። ሳይጠፋ ሂዱና በሩን አንኳኩ፤ የሄዳችሁት ለማስከፈል አለመሆኑን በመጀመሪያ ንገሩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ከዕዳ ሸክምና ከሰዎች መጨቆን ይጠብቀን፤ ላለባቸው ያውጣቸው፤ ለሰጡትም ያብዛላቸው። ወላሁ አዕለም።